ቼዝ ውድድር ላይ በሬቲንግ ከሚበልጥህ ሰው ጋር ስትመደብ፦ ከፔሪንጉ እስከ ፊርማው

ይሄን ለመጻፍ የተነሳሁት አንድ አይነት ነገር እየደጋገምኩ ስላየሁ ነው። ልጁ ሰፈር ውስጥ ቼዝ ጥሩ ይጫወታል፣ ስልኩ ላይም ያሸንፋል፣ ውድድር ላይ ግን በሬቲንግ (የተጫዋቹን አቅም ሚያሳየው ነጥብ) 300 እና 400 ሚበልጠው ሰው ሲደርሰው ገና ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ ተሸንፏል፣ በ22 ሙቭ (እርምጃ) ያልቅና «ያው ይበልጠኛል» ብሎ ይወጣል። ጌሙን ቁጭ ብለን ስናየው ደሞ ሰውየው ምንም ተአምር አልሰራም፣ ልጁ ራሱ ነው ፈረሱን በነፃ ያስበላው፣ ያውም ሰዓቱ ላይ 70 ደቂቃ ተርፎት። መሸነፍ ያለ ነው፣ ሰውየው ሳይለፋበት መሸነፍ ግን በጣም ያንገበግበኛል። ስለዚ ከታች ያለው ሁሉ ለአንድ ነገር ነው፦ ያቺን ነጥብ ከፈለጋት አራት ሰዓት ለፍቶ ይውሰዳት።

(«አንተ» እያልኩ ምጽፈው እንዲቀለኝ ነው፣ ለሴቶቹም ያው ነው። አመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።)

1. ፔሪንጉ (ማን ከማን ጋር እንደሚጫወት ሚያሳየው ዝርዝር) ሲወጣ

መጀመሪያ አትደንግጥ። አብዛኛው ውድድር በስዊስ ሲስተም ነው ሚካሄደው፣ የመጀመሪያው ዙር ላይ ሰው በሬቲንግ ይደረደርና ዝርዝሩ ለሁለት ተከፍሎ የላይኛው ግማሽ ከታችኛው ግማሽ ጋር ይገናኛል። 40 ሰው ካለ 1ኛው ከ21ኛው፣ 2ኛው ከ22ኛው እያለ ይወርዳል። ጠንካራ ሰው ደረሰኝ ብለህ እድልህን አትርገም፣ አሰራሩ ነው።

ከዛ ሂሳቡን ወረቀት ላይ ስራው። በ400 ነጥብ ከበለጠህ በፊዴ (በአለም ቼዝ ፌዴሬሽን) ሰንጠረዥ ካንተ ሚጠበቀው 0.08 ነጥብ ነው፣ ማሸነፍ 1፣ አቻ ግማሽ ሆኖ ሲቆጠር። ሬቲንግ ካገኘህ ብዙም ካልቆየህና 30 ጌም ካልሞላህ ኬህ (ውጤትህ ሚባዛበት ቁጥር) 40 ነው፣ ስለዚ ብትሸነፍ ከሬቲንግህ ምታጣው 3.2 ነጥብ ነው፣ አቻ ብትወጣ 16.8 ታገኛለህ፣ ብታሸንፍ 36.8። ኬህ 20 ከሆነ ሁሉንም በግማሽ ቁረጠው። ይሄን ቁጥር ያየ ሰው ለምን እንደሚንቀጠቀጥ አይገባኝም፣ ብዙ ሚያጣው እሱ ነው እንጂ አንተ አይደለህም።

ደሞ ይሆናል እኮ። ኦክቶበር 2023 ኳታር ላይ 2512 ሬቲንግ የነበረው የካዛክስታኑ አሊሼር ሱሌይሜኖቭ 2839 የነበረውን የቀድሞውን የአለም ሻምፒዮን ማግነስ ካርልሰንን አሸንፏል። ልዩነቱ 327 ነው። አንተና ያስፈራህ ሰው መሀል ካለው ብዙም አይርቅም።

2. ከጌሙ በፊት ያለው ማታ

ስለ ሰውየው 20 ደቂቃ ብቻ ፈልግ፣ ከዛ በላይ ጭንቀት ነው ሚያተርፍልህ። ኢንተርኔት ላይ ጌሞቹ ካሉ ሁለት ነገር እይ፦ በነጭ መጀመሪያ ምን ያንቀሳቅሳል፣ በጥቁር ለኢ4 እና ለዲ4 (እነዚህ የካሬ ስሞች ናቸው) ምን ይመልሳል። በቃ። ያሸነፋቸውን ቆንጆ ጌሞች አንድ በአንድ እያየህ ራስህን አታስፈራራ።

አዲስ ኦፕኒንግ (የጌም አጀማመር) ማታውን እንዳታጠና። ይሄን በትልቁ ጻፍልኝ። ዩቲዩብ ላይ ያየኸውን ወጥመድ ይዘህ ገብተህ ሰውየው 4ኛው ሙቭ ላይ ሌላ ነገር ሲጫወት መሀል ሜዳ ላይ ትቀራለህ። ምታውቀውን ተጫወት፣ ቀላል ቢሆንም። ምንም ከሌለህ በነጭ ፓውኑን (ወታደሩን) ዲ4፣ ቢሾፑን ኤፍ4፣ ፈረሱን ኤፍ3፣ ከዛ ኢ3 እና ሲ3 አድርገህ ካስል (ንጉሱንና ሩኩን በአንድ ሙቭ ማንቀሳቀስ) ሚደረግበት ለንደን ሚባለው አጀማመር ይበቃሃል፣ በጥቁር ደሞ ለኢ4 ኢ5፣ ለዲ4 ዲ5 ብለህ ፈረሶችህንና ቢሾፖችህን አውጥተህ ካስል አድርግ። በ4 ሙቭ ቼክሜት ለማድረግ ንግስትህን ቶሎ ይዘህ እንዳትወጣ፣ በዚህ ደረጃ ማንም አይሸወድልህም፣ እሱ እሷን እያሯሯጠ ፒሶቹን (ጠጠሮቹን) ያወጣል።

የውድድሩን ህግ አንብብ፣ በተለይ የሰዓቱን። 90 ደቂቃ ነው? በየሙቩ 30 ሰከንድ ይጨመራል? ከ40ኛው ሙቭ በኋላ ተጨማሪ አለ? 2015 ኖርዌይ ላይ ካርልሰን ራሱ የቡልጋሪያውን ቶፓሎቭን እያሸነፈ በሰዓት ተሸንፏል፣ ዘግይቶ ስለገባ ዳኛው መጀመሪያ ላይ ሲያስረዳ አልሰማም፣ ከ60ኛው ሙቭ በኋላ ተጨማሪ ደቂቃ ይሰጠኛል ብሎ ተቀምጦ ሲያስብ ሰዓቱ አለቀ። የአለም ሻምፒዮን ላይ የደረሰ አንተም ላይ ይደርሳል።

3. አዳራሽ ስትገባ

20 ደቂቃ ቀድመህ ድረስ። አንዳንድ ውድድር ላይ ዙሩ ሲጀመር ወንበርህ ላይ ከሌለህ ወዲያው ተሸናፊ ነህ፣ አንዳንዱ ጋ 15 ወይ 30 ደቂቃ ይታገሳሉ፣ የትኛው እንደሆነ ከዳኛው ጠይቅ።

ስልክ። ከተቻለ ቤት ተወው። ካልተቻለ አጥፍተህ (ሳይለንት አይደለም፣ አጥፍተህ) ዳኛው በሚፈቅደው ቦታ አስቀምጥ፣ ኪስህ ውስጥ ከተገኘ ጌሙ ያንተ አይደለም። 2003 ላይ የዩክሬኑ ፖኖማርዮቭ ቡልጋሪያ፣ ፕሎቭዲቭ ውስጥ ስልኩ ጮኾ ጌሙን ተሸንፏል፣ ያውም 20ኛ አመት ልደቱ ቀን። ስማርት ሰዓትም ያው ነው፣ አውልቀው።

ሁለት እስክርቢቶ፣ ውሃ፣ ሹራብ። ከዛ ቦርዱን እይ፦ በቀኝህ ያለው የጥግ ካሬ ነጭ መሆኑን፣ ነጯ ንግስት ነጭ ካሬ ላይ መሆኗን፣ ሰዓቱ ላይ የተሞላው ደቂቃ ትክክል መሆኑን። የተሳሳተ ነገር ካለ አሁኑኑ ተናገር፣ ከተጀመረ በኋላ ጭቅጭቅ ነው።

ሰውየውን ጨብጠው፣ ታላቅህ ከሆነ እንደወጉ ሰላም በለው፣ ግን ወሬ አትጀምር። ስንት ሬቲንግ እንዳለው ያውቃል፣ «እንግዲህ አደራ ቀስ ብለው ይጫወቱልኝ» ምናምን እያልክ ሳይጀመር እጅህን አትስጥ።

4. የመጀመሪያዎቹ 10 ሙቮች

እዚ ጋ ሚበላሸው ነገር ሁሌ አንድ ነው። ሰውየው 3ኛ ወይ 5ኛ ሙቭ ላይ አይተኸው ማታውቀውን ነገር ይጫወታል፣ አንተ «ወጥመድ ነው» ብለህ ትደነግጥና ወይ በፍጥነት ትመልሳለህ ወይ ፒሶችህን ወደኋላ ትሰበስባለህ። ብዙ ጊዜ ወጥመድ አይደለም፣ ካጠናኸው መንገድ ሊያወጣህ ነው። እንደዛ ሲሆን እስክርቢቶህን አስቀምጥና 5 ደቂቃ ውሰድ፣ ሚያስፈራራህ ነገር ካለ መጀመሪያ እሱን አስተካክል፣ ከሌለ ደሞ ገና ያልተንቀሳቀሰ ፒስ አውጣ ወይ ካስል አድርግ። አንድን ፒስ ሁለቴ አታንቀሳቅስ፣ ግድ ካልሆነ በቀር።

ፓውን በነፃ ትቶልህ ከሆነስ? አትዝለልበት፣ አትፍራውም። ብበላው ፒሴ መመለሻ አለው ወይ? ንጉሴ ላይ ቼክ ይመጣል ወይ? ስንት ሙቭ አጠፋለሁ? ሶስቱም ደህና ከሆኑ ብላው። ትልቅ ሰው ስለሆነ አይቶት ነው ብለህ ሚበላ ነገር አትተው፣ እነሱም ይረሳሉ።

5. እያንዳንዱ ሙቭ ላይ ምትከተለው ቅደም ተከተል

የዚ ጽሁፍ ልቡ እዚ ጋ ነው፣ ሌላውን ብትረሳ ይሄን አትርሳ። ከ1 እስከ 40ኛው ሙቭ ድረስ ሳትሰለች አድርገው፣ መጀመሪያ ይከብዳል ከዛ በራሱ ይሄዳል።

ሀ. ሰውየው እንደተጫወተ መጀመሪያ ሙቩን ጻፍ። እጅህ ስራ ሲይዝ አይቸኩልም። ጽፈህ ስትጨርስ ሁለቱንም እጅህን ጭንህ ስር አስገባ፣ ቀልዴን አይደለም፣ በጣም ይሰራል።

ለ. «ለምን?» በል። ይሄ ፒስ አሁን ምን ያያል፣ ከተነሳበት ምን ሳይጠበቅ ቀረ፣ ከኋላው የቱ መስመር ተከፈተ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ነው ሚያየው።

ሐ. ምንም ባላደርግ ቀጥሎ ምን ያደርገኛል? ቼኮቹን በሙሉ፣ ሚበላቸውን በሙሉ፣ ከዛ ንግስትህ ላይ ሚመጣውን እይ። ቼክ ሁሉ፣ ሞኝ የሚመስለውም።

መ. ሁለት ሙቭ ምረጥ፣ አንድ አይደለም። አንድ ብቻ ከያዝክ እሱን ለማጽደቅ ነው ምታስበው።

ሠ. የመረጥከውን በአይነ ህሊናህ ተጫወተውና ልክ ሰውየው ወንበር ላይ እንደተቀመጥክ ሆነህ ቦርዱን እየው፣ ቼክ አለኝ? ሚበላ አለ? ፎርክ (አንድ ፒስ ሁለት ነገር ባንዴ ሲያጠቃ) አለ? ይሄ 10 ሰከንድ ነው ሚፈጀው፣ በነፃ ከሚሰጡት ፈረሶችና ሩኮች አብዛኛውን ያድናል።

ረ. በአንድ እጅ ተጫወት፣ በዛው እጅ ሰዓቱን ምታ፣ ከዛ ጻፍ። ሳትጫወት ቀድመህ መጻፍ አይፈቀድም።

ማስጠንቀቂያዎች እዚሁ ጋ፦ የነካኸውን ፒስ ማንቀሳቀስ ግዴታህ ነው። የአሜሪካው ናካሙራ 2016 ሞስኮ ካንዲዴትስ (የአለም ሻምፒዮኑ ተጋጣሚ ሚለይበት ውድድር) ላይ ከአርመኑ አሮኒያን ጋር ሲጫወት ንጉሱን ነክቶ ሀሳቡን ሊቀይር ፈልጎ አልተፈቀደለትም፣ ጌሙንም ተሸነፈ። ጠማማ የቆመ ፒስ ማስተካከል ከፈለግክ ያንተ ተራ ሲሆን ሳትነካው በፊት «አስተካክላለሁ» በል። ካስል ስታደርግ ንጉሱን ነው መጀመሪያ ምትነካው፣ ሩኩን ከነካህ ሩኩን ብቻ ልትጫወት ትገደዳለህ። ህጋዊ ያልሆነ ሙቭ ተጫውተህ ሰዓት ከመታህ ሰውየው 2 ደቂቃ ይጨመርለታል፣ ሁለተኛ ከደገምክ ተሸነፍክ። ፓውንህ መጨረሻ ረድፍ ሲደርስ ንግስቷን ቦርዱ ላይ ሳታስቀምጥ ሰዓት አትምታ፣ ትርፍ ንግስት ከሌለ ሰዓቱን አቁመህ ዳኛውን ጥራ። ሩክ ገልብጠህ ንግስት ነው እንዳትል፣ ሰፈር ውስጥ ይሰራል ውድድር ላይ ግን የተገለበጠ ሩክ ሩክ ነው።

ሌላው፣ ስኮርሺቱ (ሙቮቹን ምትጽፍበት ወረቀት) ላይ ለራስህ ማስታወሻ መጻፍ ክልክል ነው። ሙቩንና የቀረህን ደቂቃ መጻፍ ይቻላል፣ «ተረጋጋ»፣ «ቼክ እይ» ማለት አይቻልም። ዌስሊ ሶ 2015 የአሜሪካ ሻምፒዮና ላይ ሌላ ወረቀት ላይ እንዲህ ለራሱ ሲጽፍ፣ ከዛ በፊትም ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት ስለነበር በ6ኛው ሙቭ ጌሙን ተነጥቋል።

6. ሰዓት

በ90 ደቂቃ እና በ30 ሰከንድ ጭማሪ ምትጫወት ከሆነ እኔ እንዲህ ነው ምመክረው፦ 10ኛው ሙቭ ላይ 80 ደቂቃ ገደማ ይኑርህ፣ 20ኛው ላይ 55፣ 30ኛው ላይ 30፣ ከ10 ደቂቃ በታች አትውረድ። ቁጥሩ ቁርአን ወይ ወንጌል አይደለም፣ ግን 20ኛው ሙቭ ላይ 85 ደቂቃ ካለህ እያሰብክ አይደለም፣ 20 ደቂቃ ካለህ ደሞ አንድ ቦታ ላይ ፈዘህ ቆይተሃል ማለት ነው።

ሰውየው በፍጥነት ስለተጫወተ አንተ አትፍጠን። በተለይ እሱ ሰዓት ሲያልቅበት። ብዙ ጥሩ ጌም እዚ ጋ ሲበላሽ አይቻለሁ፣ እሱ 2 ደቂቃ ቀርቶት አንተ 30 ደቂቃ እያለህ «ላጨናንቀው» ብለህ ቶሎ ቶሎ ትጫወታለህ፣ በዚህ ጨዋታ እሱ ነው ሚሻልህ፣ ፈጣን ጌም ልምዱ ነው። አንተ 30 ደቂቃህን ተጠቀምበት፣ አስበህ ጥሩ ሙቭ ስትጫወት ነው እሱ ሚጨነቀው።

7. መሀል ጌም፦ ሁሉንም እየተበላላህ ወደ አቻ መሸሽ

«ፒስ ቢቀንስ አቻ ይሆናል» ሚለው ሀሳብ ደካማ ተጫዋቾችን በጣም ይጎዳል። ፒስ ሲቀንስ ኤንድጌም (ጥቂት ፒስ የቀረበት የጌሙ መጨረሻ) ይመጣል፣ ሰውየው ካንተ በብዙ ሚበልጥህ ደሞ እዛ ጋ ነው። ከመለዋወጥህ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቅ፦ ከተበላላን በኋላ የማን ፒስ ይሻላል? ጥሩ ቆሞ የነበረ ፈረስህን ምንም ማይሰራ ቢሾፑን ለመብላት አትስጠው። ንጉስህን ሊያጠቃ የመጣውን ፒስ ግን በደስታ ለውጥ።

ፕላን ካጣህ ከፒሶችህ ሁሉ ስራ ፈቶ የቆመውን ፈልገህ ወደ ተሻለ ቦታ ውሰደው። ከንጉስህ ፊት ያሉትን ፓውኖች ያለምክንያት አትንካ፣ ከአንድ በቀር፦ ሩኮች ቦርዱ ላይ እያሉ መስመሮች መከፈት ሲጀምሩ ኤች3 (በጥቁር ኤች6) ብለህ ለንጉስህ መተንፈሻ ክፈትለት። በመጨረሻው ረድፍ ቼክሜት ሆኖ መነሳት ያሳፍራል።

8. ነገር ሲበላሽ (ወይም ሲሳካ)

ፒስ ወይ ፓውን ከጠፋብህ። ቀጥሎ ያለውን ሙቭ ወዲያው አትጫወት፣ ሁለተኛው ስህተት ሚመጣው በዛች ደቂቃ ነው። ትንሽ ተንፍስ፣ ሰውየው እያሰበ ከሆነ ተነስተህ ፊትህን ታጠብና ተመለስ፣ ከዛ ቦርዱን ገና ዛሬ እንዳየኸው አድርገህ እየው። ሪዛይን አታድርግ (ተሸንፌያለሁ ብለህ ጌሙን አትልቀቅ)። ያነሰው ሰው ፒሶቹን ያቆያል፣ በተለይ ንግስቱን፣ ፓውን ግን ይለዋወጣል፣ ፓውን ባነሰ ቁጥር አቻ ይቀርባል። የህንዱ ጉኬሽ 2025 ኖርዌይ ላይ በካርልሰን ለረጅም ሰዓት ተሸንፎ ነበር ማለት ይቻላል፣ አልለቅም ብሎ ቆየ፣ ካርልሰን ሰዓት ሲያጥረው ተሳሳተና ጌሙ ተገለበጠ። የሩሲያው ክራምኒክ ደሞ 2006 ቦን ላይ የአለም ሻምፒዮን እያለ ከኮምፒውተር ጋር ሲጫወት በአንድ ሙቭ ሚመጣ ቼክሜት ሳያይ ቀርቷል። እነዚህ ከተሳሳቱ ያንተ ሰውዬ አይሳሳትም ያለው ማነው?

ሶስት የማምለጫ በሮች አስቀድመህ እወቅ። አንደኛ፣ እሱ ሩክና አንድ ፓውን አንተ ሩክ ብቻ ከሆንክ ንጉስህን ከፓውኑ ፊት አቁም፣ ሩክህን ካንተ ወገን ሲቆጠር 3ኛው ረድፍ ላይ አድርገህ ንጉሱን እንዳያልፍ ከልክለው፣ ፓውኑን እዛው ረድፍ ላይ ሲገፋው ሩክህን እስከ ሌላኛው ጫፍ ውሰደውና ከኋላ ቼክ በቼክ አድርገው፣ ይሄ ፊሊዶር ይባላል። ሁለተኛ፣ እሱ ቢሾፕና አንድ ፓውን ብቻ ቀርቶት ፓውኑ የዳር ፓውን ከሆነና ቢሾፑ ፓውኑ ንግስት ሚሆንበትን ካሬ ቀለም ማይይዝ ከሆነ ንጉስህን ወደ ጥጉ ሮጠህ አስገባው፣ አያወጣህም። ሶስተኛው ስቴልሜት ነው (ቼክ ሳትሆን ምትጫወተው ሙቭ ካጣህ አቻ ነው)፣ ንጉስህ መንቀሳቀሻ ሲያጣ ሌሎች ፒሶችህን በቼክ ለመስጠት ሞክር።

እያሸነፍክ ከሆነ። ይሄ ከመሸነፍ በላይ አደገኛ ነው፣ ልብህ ይመታል፣ ወደ ጓደኞችህ ማየት ትጀምራለህ። አትነሳ፣ የ5 ቁጥርን ቅደም ተከተል አጥብቀህ ያዝ፣ አሁን ነገሩ ተገልብጧል፦ ፒስ ለዋውጥ፣ ፓውን አቆይ። በምንም ተአምር አቻ አትጠይቅ። «ከትልቅ ሰው ግማሽ ነጥብ ይበቃኛል» ብለው ፒስ በልጠው እያለ አቻ ሚጠይቁ ልጆችን ሳይ ያመኛል።

እሱ አቻ ከጠየቀህ። ጥያቄው ራሱ ስለጌሙ ሚነግርህ ነገር አለ፣ 400 ነጥብ ሚበልጥህ ሰው ደስ ብሎት አቻ አይጠይቅም። ወዲያው አትመልስ፣ ጥያቄው ሊሰረዝ አይችልም፣ በቃልህ እምቢ እስክትል ወይ ልትጫወት ፒስ እስክትነካ ድረስ ይቆያል። ስለዚ በሰዓትህ ተጠቅመህ አስብ፣ ቦታህ ከተሻለ ዝም ብለህ ተጫወት፣ ከባሰ ተቀበል። አንተ መጠየቅ ካለብህ ደሞ መጀመሪያ ተጫወት፣ ከዛ አንድ ጊዜ ጠይቅ፣ ከዛ ሰዓቱን ምታ። እየደጋገሙ መጠየቅ መረበሽ ነው።

አንድ ቦታ ሶስቴ ሲደገም። አቻ መጠየቅ ትችላለህ ግን አሰራር አለው፦ ቦታውን ሶስተኛ ጊዜ ሚያመጣውን ሙቭ ቦርዱ ላይ አትጫወተው፣ ስኮርሺት ላይ ብቻ ጻፈው፣ ሰዓቱን አቁመህ ዳኛውን ጥራና ንገረው። ተጫውተህ ሰዓት ከመታህ መብቱ አለፈ። ተሳስተህ ከሆነ ለሰውየው 2 ደቂቃ ይጨመርለታል። ስኮርሺትህ በስርአት ካልተጻፈ ማስረዳት ይከብድሃል፣ ለዛ ነው በደንብ ጻፍ ምልህ።

ጭቅጭቅ ከተነሳ። ሰውየው ትልቅ ስለሆነ ህጉንም ያውቃል ብለህ አትቀበል፣ አትከራከረውም። ሰዓቱን አቁም፣ እጅህን አንሳ፣ ዳኛው ይምጣ። ይሄ ነውር አይደለም፣ መብትህ ነው።

9. ካለቀ በኋላ

ጨብጠው፣ ውጤቱን ሁለቱም ስኮርሺት ላይ ጻፉ፣ ሁለታችሁም ፈርሙ፣ የተጻፈው ትክክል መሆኑን ሳታይ እንዳትፈርም። ፒሶቹን መልሰህ ደርድር።

ከዛ ብዙ ልጆች ሚያልፉትን ነገር አድርግ። ተሸንፈህም ቢሆን «ጋሼ፣ ካልቸኮሉ ውጪ ወጥተን አንድ ጊዜ ብናየው?» በለው፣ አብዛኞቹ እምቢ አይሉም፣ የትኛው ሙቭህ እንዳስቸገረው ሲነግርህ ትገረማለህ፣ አንተ ያላሰብከው ሙቭ ነው ሚሆነው። ሚልህን ስኮርሺቱ ጀርባ ላይ ጻፍ (አሁን ይቻላል)። ቤት ስትገባ ኮምፒውተሩን ሳትከፍት በፊት የት ጋ እንደፈራህ፣ የት ጋ እንደቸኮልክ፣ የየሙቩን ደቂቃ እያየህ በራስህ እጅ አስምርበት፣ ኢንጂኑን (ጌሙን ሚመረምረውን ፕሮግራም) ከዛ በኋላ ክፈተው፣ ነገ ጠዋት ሌላ ዙር ካለ ደሞ ከ30 ደቂቃ በላይ አትቆይበት፣ ተኛ።